የሬዲዮ አንገት

ደንበኞቹ «ሬዲዮ» የሚል ስም ያወጡለት ፀጉር አስተካካይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አንገት ላይ ምላጭ ሲያስኬድ እጁም አፉም ዐርፎ አያውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን አንዱን ደንበኛ አረፋ ቀብቶ እየላጨ ሳለ ቀኝ እጁ ድንገት በድን ሆነ። ምላጩ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ በቀልድ ሊያልፈው ቢል ምላሱ ተሳሰረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ተመለሰለት። ሐኪም ቤት ሲሄድ በአንገቱ በግራ በኩል ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ጠቦ ተገኘ።

«ካልተጠረገ የሚቀጥለው ስትሮክ እጅዎንና ንግግርዎን ይዞ ሊሄድ ይችላል» አለችው ቀዶ ሐኪሟ። «ቀዶ ጥገናው ራሱም አልፎ አልፎ ያንኑ ያመጣል። ስለዚህ አናስተኛዎትም፤ አንገትዎን አደንዝዘን፣ እያወሩልን ነው የምንሠራው። ወሬዎ ከተቋረጠ ወደ አንጎልዎ የሚሄደው ደም እንዳነሰ እናውቃለን።»

«ላንተ የተሰፋ ኦፕሬሽን ነው!» አለች ሚስቱ።

እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ግን መቀመጫ አጣ። ባዶ ወንበር ያሽከረክራል፣ የተሳለ ምላጭ መልሶ ይስላል፣ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል።

ነርሷ «አንገትዎን እንዳይላጩ፤ ፀጉሩን እኛው በማሽን እናነሳዋለን» ብላው ነበር። እሱ ታዲያ ፀጉር የወረረው አንገት ይዞ ሐኪም ፊት ሊተኛ? ሞቶ ነው ቆሞ! በቀጠሮው ቀን ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ ተላጨ።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ቀዶ ሐኪሟ ከአገጩ ሥር አንዲት ጭረት አየች። «ምን ቆረጠዎት?»

«ምላጩ አዲስ ነው» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«አዲስ?» አለች ሚስቱ። «የማንንም አንገት ጭሮ የማያውቅ ሰው ዛሬ የራሱን? አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ነው አይደል?»

አቀረቀረ። እጁ ጠዋት እንደገና ከድቶት ነበር። ቢናገር «ጊዜው አልፎብዎታል፤ አንሠራም» ብለው የሚመልሱት መስሎት ነው የደበቀው።

«ይህንንማ ቀድመው ሊነግሩኝ ይገባ ነበር» አለች ሐኪሟ፣ እጁን አገላብጣ እየመረመረች። «ጭረቷ ከምንቀደው ቦታ ትርቃለች። አሁኑኑ እንግባ።»

ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ አንገቱን አደንዝዘው፣ እጁ መታዘዙን እንዲያውቁበት ሲጫኗት የምትጮህ የላስቲክ ዳክዬ በቀኝ እጁ አስያዙት። ስለ አንድ መላጣ ደንበኛ እያወራ ነርሶቹን አሳቃቸው።

«አሁን ለመጥረግ ሥሩን ለጊዜው ልዘጋው ነው» አለች ሐኪሟ። «ያውሩ።»

ሬዲዮ ዝም አለ።

«ጋሼ?»

ዝም። ሁሉም ባሉበት ደረቁ።

«ጋሼ! ዳክዬዋን ይጫኗት!»

ይሰማል። ግን አፉን ቢከፍት ያ የተሳሰረ ድምፅ የሚወጣ መሰለው። በመጨረሻ ዳክዬዋ ሲጥ አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈርቼ» አለ። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ። «ፈርቼ ነው ልጄ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም።»

«ይቀጥሉ፣ እንዳያቆሙ!»

ሥሩ ተጠርጎ እስኪሰፋ ድረስ አላቆመም።

ነርሷ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ስትንጎራደድ የነበረችውን ሚስቱን አገኘቻት። «እጃቸውም አፋቸውም ደህና ነው።»

«ተመስገን! ምን እያለ ቀለደባችሁ?»

«አልቀለዱም። ስለ ፍርሃታቸው ነው ያወሩን።»

ሚስትየው ሠላሳ ዓመት ያንን ሬዲዮ ስትሰማ ይህን ወሬ አንድም ቀን አልሰማችም። ገብታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና ቀኝ እጁን ያዘች።

«በል፣ ለእኔም ንገረኝ» አለችው።