ደግማ የጠየቀችን ሴትዮ

ይህ ነገር ከገጠመኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው «እንዴት ነህ?» ባለኝ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጽፈው ተነሣሁ።

የምኖረው ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር ነው። ያኔ የምሠራው ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ፣ በድንጋይ ከሰል በሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውስጥ ነበር። ማመንጫው ሊዘጋ እንደሆነ ተነግሮናል። ካምፓኒው ሌላ ስቴት ሥራ አለ ይለናል፤ ባለቤቴ ሃያት ግን እዚሁ ሆስፒታል ትሠራለች፣ ልጆቻችንም የሚማሩት እዚሁ ነው። የቀረኝ መንገድ የኤሌክትሪሻን ትምህርት መማር ነበር። እሱን ስማር ደግሞ ለወራት ያለ ደመወዝ ልቀመጥ ነው። በሃያት ደመወዝ ብቻ የቤት ኪራዩን አንችለውም።

በዚህ መሀል የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ኃላፊ ማመንጫው ወዳለበት ትንሽ ከተማ መጥታ ልታነጋግረን ነው ተባለ። ድርጅቷ ከሰል ቀርቶባቸው የሚቸገሩ ከተሞችን ይረዳል።

ሃያት በር ላይ ያዘችኝ። «ዛሬ ይሉኝታህን ቤት ትተህ ሂድ! ትሬኒንጉን አፕላይ ማድረግ እፈልጋለሁ፣ ሬንቱ ነው የቸገረኝ በላት። ዝም ብለህ እንዳትመጣ!»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

ስብሰባው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው የዴቭ ሚስት ኬክ ጋግራ በትሪ አቅርባለች። ኃላፊዋ ሊንዳ ትባላለች፤ ከሌላ ስቴት የመጣች ቀልጣፋ ሴትዮ ናት። «ቢሮ ተቀምጬ እቅድ ላወጣላችሁ አልፈልግም። የሚያስፈልጋችሁን ራሳችሁ ንገሩኝ» አለችን።

ዴቭ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ ደህና ነን። ከእኛ የባሰባቸው አሉ።»

ያው ዴቭ እኮ ነው፣ በምሳ ሰዓት እንቅልፍ እንዳጣ ሲነግረኝ የከረመው! ከጎኑ ያለውም «እንደምንም እንወጣዋለን» አለ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ አፌ አልታዘዝ አለኝ። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ።

ሊንዳ ግራ ገባት። ሁላችንንም አመስግና ወረቀቷን ሰበሰበች፤ ኮቷን ለበሰች። እኔ የሃያት ፊት ታየኝ።

ትሪው ላይ አንድ ቁራሽ ኬክ ቀርቶ ነበር። አንዱ መጥቶ ግማሹን ወሰደ። ሌላው የግማሹን ግማሽ። ዴቭ ከዚያም ላይ ቆንጥሮ፣ አውራ ጣት የምታህለዋን ትቶ ሄደ። ሁሉም ያያታል፤ የሚያነሣት የለም። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ወሎ፣ እናቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ።

«ምን አሳቀህ?» አለችኝ ሊንዳ።

«ኬኳን ፈልገዋታል እኮ» አልኳት። «በእኛ አገር እንግዳ አንድ ጊዜ ተጠይቆ እሺ ካለ ሆዳም ይባላል። በሞቴ፣ አፈር ስሆን እየተባለ ይለመናል። ለካ የሚኒሶታ ሰውም እንደዚያው ነው። እንደገና ጠይቂያቸው።»

ትሪውን አየች። ከዚያ ኮቷን አውልቃ፣ ወንበር ስባ ዴቭ ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ደህና ነን ብለኸኛል። ግን አልሄድም። ምን ያስፈልግሃል?»

«ኧረ ምንም» አለ ዴቭ።

አሁንም ጠየቀችው። ዴቭ ኮፍያውን አወለቀ። «ሌላ ሥራ አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚህ ከተማ ሌላም አላውቅም። ፈርቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን! ሁሉም የሆዱን ዘረገፈው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ?»

«እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።» ይታያችሁ፣ ራሴ አስተምሬያት!

ሊንዳ ከት ብላ ሳቀች። ትሪውን አንሥታ ያቺን ቁራሽ አፍንጫዬ ሥር አቀረበችልኝና ጠበቀችኝ። በላኋት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት።

አሁን ትምህርቱን ጀምሬያለሁ፤ በኪራዩ ድርጅቱ ያግዘናል። ማመንጫው ግን መዘጋቱ አልቀረም፤ ከተማዋም ገና አላገገመችም። ያቺን ሴትዮ ሳስብ ሆዴ ይባባል። ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ኮቷን አውልቃ የተቀመጠችልን እሷ ናት።

ባለፈው ሳምንት ለዴቭ ደወልኩለት። «እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ዴቭ፣ እንዴት ነህ?»

በስልኩ ወንበር ሲስብ ተሰማኝ።

«ጊዜ አለህ?» አለኝ።