ዘፈን ያለቀበት ሰርግ

አኮርዲዮን ተጫዋቹን ያኔ አንቱ እለው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጎረቤቴ ነው፣ የባንዳችንም አለቃ ነው፤ ልደታ ያደገች ልጅ ደግሞ ታላቋን አንተ አትልም። ዛሬ ይህን ስጽፍ ግን አንቱታውን ነስቼዋለሁ። ሰውየው ካረፈ ቆይቷል። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል ሰው፤ እኔን ያድርገኝ።

ባንዳችን አራት ሰው ነበር፤ እሱ፣ አንድ ጊታር መቺ፣ አንድ ድራም መቺ፣ ዘፋኟ ደግሞ እኔ። የምንጫወተው ሰርግ ላይ ነው። በደርግ ጊዜ የኛ ሰፈር ሰርግ የቀን ነገር ነበር፤ ሰዓት እላፊ ስላለ እንግዳው ሳይጨልም ወደየቤቱ መበተን አለበት። ስለዚህ ባንድ የጠራ ሰው ከረፋድ እስከ አመሻሽ ሳይቋረጥ እንዲዘፈንለት ይፈልጋል። ደግሞ የተደገመ ዘፈን አይወድም። አንዴ ጠዋት የዘፈንኩትን ከሰዓት ብደግመው፣ የሙሽራዋ አክስት ትርፍራፊ ታቀርቡልን ጀመራችሁ ወይ ብለው ድንኳኑን ሙሉ አሳቁብኝ። ማይኩን እንደያዝኩ በንዴት ጆሮዬ ጋለ።

ታዲያ ዘፈን ከየት ይምጣ? ቀበሌው የባህል ጉዳይ ተጠሪ የሚባል ሰው ነበረው። ከየሰርጉ በፊት እሱ ፊት ቀርበን የምንዘፍነውን እንነግረዋለን። ሰውየው ዜማን ከጩኸት አይለይም፣ መቁረጥ ግን ያውቃል። ይሄኛው ዘፋኙ ተሰዷል፣ ይቅር። ያኛው «ጨለማ» የሚል ቃል አለበት፣ የትኛውን ጨለማ ማለታችሁ ነው፣ ይቅር። ስለ ክረምት የምታወራ አንዲት የዋህ ዘፈን ነበረችን፣ እሷንም አብዮቱን ትነካለች ብሎ አስቀራት። ባስቀረው ፈንታ የሚሰጠን የሰልፍ መዝሙር ነው። በሰልፍ መዝሙር ሙሽራ ስትጨፍር ያየ ካለ ይንገረኝ።

ልደታ ደግሞ ሁሉ ያለበት ሰፈር ነው። የወንድ ወገን ጉራጌ፣ የሴት ወገን ጎንደሬ ይሆኑና ለአንዱ ወገን ሁለት ዘፍነን ለሌላው አንድ ከዘፈንን ቅያሜው እኛ ላይ ያርፋል። አለቃችን ዘፈን እንድለቅም ይልከኛል። ተክለ ሃይማኖት ሄጄ ካሴት የሚያጫውት ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ሰው የምጠብቅ መስዬ ቆሜ ግጥም አጠናለሁ። ባለቤቱ ሲያባርረኝ ዞሬ እመለሳለሁ። ጉራጌ ጎረቤታችን ዘንድ ሄጄ የሰርግ ግጥም ስለማመድ ደግሞ እሳቸው በአነጋገሬ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ከዚያ በትዕግሥት ያርሙኛል። ይህን ሁሉ ለፍተንም ከሰዓት አጋማሽ ላይ ዘፈናችን ያልቃል። አለቃችንን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነበር፤ ረጅም ቀን፣ አጭር ዘፈን።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር። ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብር ጊዜ ተገደለ። ከቤት ወሰዱት፣ በማግስቱ መንገድ ዳር ተገኘ። ማልቀስ ክልክል ነው ተባልን። የቀበሌው ጠባቂዎች በራችን ላይ ቆመው ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ ያዩ ነበር። የእድሩ ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤት አልመጣም፣ እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። ለፀረ አብዮት ያለቀሰ እሱም ፀረ አብዮት ነው ይሉ ነበር። እናት ናት እኮ! እናት ለልጇ ካላለቀሰች ለማን ታልቅስ? ዛሬም ይህን ሳስብ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

ሙሾዋን ግን አወጣችው። ቃሉን ዋጠችው፣ ዜማውን ብቻ አስቀረች። ምስር ስትለቅም፣ ልብስ ስታጥብ አፏን ዘግታ ታንጎራጉራለች። የማያውቅ ቢሰማት ሥራ ለማቅለል የምታዜም ይመስለዋል። እኔና የግቢው ሴቶች እናውቃለን። ሲሰሙ ዝም ይላሉ፣ ውሃ የሚቀዱትም ጆጋቸውን ቀስ አድርገው ያስቀምጣሉ። ለቅሶ መድረስ ያልቻሉት ጎረቤቶች ለቅሶ የሚደርሱት እንዲህ ነበር። ዜማው መሀል ላይ ከፍ የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ስትደርስ ትንፋሿ ይቆረጥና ሥራዋን ትታ ትነሳለች። አንድም ቀን ስትጨርሰው ሰምቼ አላውቅም።

እኛንና አኮርዲዮን ተጫዋቹን የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ወደ ግቢያችን የገባው ከወንድሜ ሞት በኋላ ስለሆነ ነገራችንን አያውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት ለልምምድ ስንሰበሰብ ፊቱ በርቶ ጠበቀን። አዲስ ዘፈን ተገኘ አለ፣ ተጠሪውም ምንም ሊቆርጥበት አይችልም፣ ግጥም የለውማ። አኮርዲዮኑን ከፈተ። ድራም መቺው ወዲያው ችክችካውን አስገባለት፣ ጊታሩ ተከተለ፣ ግሩም የጭፈራ ዘፈን ሆነ። እኔ ሦስተኛው ዙር ላይ ነው ያወቅሁት። የእናቴ ሙሾ ነው። የወንድሜን ለቅሶ እግር የሚያስነሳ ጭፈራ አድርገው ይደልቁታል።

አቁም አልኩት፤ አንቱታውን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳሁ። ሌሎቹን አስወጥቼ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። የሠራተኛ ዘፈን መስሎት እንደነበረ፣ ግድግዳው እያሳለፈ ሲያሰማው በጣም እንደወደደው ተናገረ። አለማወቁን አልጠላሁበትም። የጠላሁበት ቀጥሎ ያለኝን ነው።

«ከሙሾ ያልተወለደ ዘፈን ካለ አምጪልኝ፣ እሱን እንጫወታለን።»

ይህን ዜማ ሰርግ ላይ ከሰማሁ ባንዱን ጥዬ እወጣለሁ አልኩት። ሌላ ዘፋኝ እንደማያገኝ ያውቃል። ልደታን አልነካውም ብሎ ማለልኝ። የሰፈሩን ታቦት ጠርቶ የማለ ሰው አይዋሽም ብዬ አመንኩት።

ወሩ ሳያልቅ የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ደረሰ። ድንኳኑን የተከለው እድሩ ነው። ያንኑ ድንኳን፣ ለወንድሜ የተከለከለውን። የቀበሌው ሊቀመንበር ከክብር እንግዶቹ ጋር ፊት ለፊታችን ተቀምጧል። እናቴ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ ትሠራለች፤ ሰርግ ቤት ሥራ ሲኖር ጎረቤት አይቀርም፣ ሐዘን ቢኖርበትም፣ በተለይ ደግሞ አለብኝ ማለት የማይችለው ሐዘን። ዘፈናችንን ቆጥበን ቆጥበን ሙሽራው ይመጣል ስንል ዘገየ። ከሰንጋ ተራ ነው የሚመጣው፤ ለካ መንገዱ በሰልፍ ተዘግቷል። ጎንደሩን ዘፈንን፣ ጉራጌውን ዘፈንን፣ ወሎውን ዘፈንን። ተጠሪው የፈቀደልን ሁሉ አለቀ። እንግዳው ተቀዛቀዘ፣ የሙሽራዋ አባት ዓይናቸውን ከኛ ላይ አልነቅል አሉ።

አኮርዲዮን ተጫዋቹ አየኝ። ከዚያ ፊቱን አዞረብኝና ጀመረው።

ወዲያው ገባኝ። ወርጄ ልሂድ አልኩ፣ አልሄድኩም። ማይኩን ይዤ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ድንኳኑ ግን ነፍስ ዘራ። ሰው ከየወንበሩ ተነሳ፣ ትከሻ ተናጠ። ሊቀመንበሩም ተነሳ፤ ክብ ተሠራለት፣ ትከሻውን እየሰበቀ መሀል ገባ። ጠባቂዎቹን በራችን ላይ ያቆመው ሰው በወንድሜ ሙሾ እስክስታ ወረደ። የያዝኩትን ማይክ ፊቱ ላይ ብወረውር ደስ ባለኝ። ሴቶቹ ከወጥ ቤት በኩል ብቅ አሉ። ያወቁት ባሉበት ቀሩ፣ ያላወቁት እልል አሉ። ከኋላቸው እናቴ መጣች፣ ጭልፋውን እንደያዘች የድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዷ ጎረቤት ወገቧን ደገፈቻት። ዜማው ወደዚያ ከፍ ወደሚልበት ቦታ ሲቃረብ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፣ ሙሽራው ደረሰ ተባለ፣ አኮርዲዮኑም እዚያው ላይ ተዘጋ። እናቴ ፊቷን አዙራ ወደ ወጡ ተመለሰች።

እንግዳው እንደተበተነ ክፍሉ ድረስ ሄድኩበት። ያላልኩት የለም። ሌባ አልኩት። የሰው ሬሳ ላይ ትጨፍራለህ አልኩት። ታቦት ጠርቶ የማለበትን አፉን ረገምኩት። ምን ላድርግ፣ ዘፈን አለቀብኝ ይላል፣ ደጋግሞ ይላል፣ እኔም እጮሃለሁ። ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ድንገት ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃት ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱም ሊነሳ ሲል በእጇ አስቀመጠችው።

«አጠረ» አለችው።

አልገባውም። እኔም አልገባኝም።

«ቸኮልክ። ስሙ ጋ ሳልደርስ ጨረስከው።»

እዚያ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሟች በስሙ እንደሚጠራ ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ትንፋሿ የሚቆረጠው፣ ምስሩን ትታ የምትነሳው፣ እዚያ ጋ አፏን ዘግታ ማለፍ ስላልቻለች ነው። ስም ደግሞ አፍ ተዘግቶ አይጠራም፣ ጮክ ብላ ብትጠራ የቀበሌው ጠባቂዎች ይሰማሉ።

«የልጄን ሰርግ አላየሁ፣ ለቅሶውንም አላየሁ» አለችው። «በሰው ሰርግም ቢሆን አንዱን ላድርስ። አስረዝምልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምዳችን ሌላ ሆነ። እናቴ እንጨት በርጩማ ይዛ ክፍሉ ውስጥ ትቀመጣለች፣ የቀረውን ታንጎራጉርለታለች፣ እሱ ይከተላታል። እኔን ማንም አስታራቂ አላስታረቀኝም፤ ባንዱን ጥዬ ያልወጣሁት ለእናቴ ስል ነው። ከእሱ ጋር የማወራው ስለ ዘፈን ብቻ ሆነ። እናቴ ይቅር አለችው፣ ያ የእሷ ነው፤ እሱ ግን ሳይጠይቃት የወሰደውን ነው መልሶ የሰጣት። ሌላውን ሁሉ ደግሞ ከማን እንጠይቅ? ልጇን ቀሙ፣ ለቅሶዋን ቀሙ፣ እናቴ ልጇን ለመጥራት የሰው ሙሽራ ሲመጣ ትጠብቅ? ይህን ይቅር የሚል አንጀት እኔ የለኝም።

ቀጥሎ የመጣው ሰርግ እዚያው ሰፈራችን ውስጥ ነበር፤ ያው ድንኳን፣ ያው ሊቀመንበር ከፊት። ከሰዓት አጋማሽ ላይ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጀመረው። አሁን ረጅም ሆኗል፣ እየዞረ እየዞረ ይወጣል። እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ሴቶቹ መሀል ቆመች። በዚህኛው ሰርግ ወገቧን የሚደግፋት ሰው አላስፈለጋትም። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ እሱ አኮርዲዮኑን ዘግቶ ለድራሙ ብቻ ለቀቀው፤ ክፍተቱን አብረው አጥንተውታል። የግቢያችን ሴቶች ደግሞ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ በአንድ ጊዜ እልልታቸውን አቀለጡት። በዚያ እልልታ ውስጥ እናቴ አፏን ከፍታ የወንድሜን ስም ጠራች። ዘፈኑ ግጥም ስለሌለው እኔ ከመድረኩ ወርጄ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ሰማሁት።

ሊቀመንበሩ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ፣ ይደገም ብሎም ጠየቀ። ደገምንለት።