አበልጄ ያመጣው ጉበት

የጣሊያን ወታደሮች አምበር ከተማ ያለው ግቢዬ ሲገቡ ቤቱን አልፈተሹም። በቀጥታ ወደ እህል ጉድጓዴ ሄደው ጠመንጃዬን አወጡ። መደበቂያውን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት አበልጄ። ካንድ ሳህን ጉበት በሐሞት እያጠቀስን ስንበላ ነው የነገርኩት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ደብረ ማርቆስ የታሰርኩባት ክፍል ሽንትና እርጥብ ገለባ ትሸት ነበር። አብሮኝ የታሰረው ግሪካዊ ነጋዴ ነው፤ አገሩ ከጣሊያን ጋር ስትዋጋ እሱን ከሱቁ አንስተው አመጡት። እንግሊዞች በሱዳን በኩል እየመጡ ነው ሲባል ሰምቶ፣ "ታነጋግራቸዋለህ" እያለ እንግሊዝኛ ያስተምረኝ ጀመር። እኔ ግን ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ እውላለሁ።

"ያንተ በሽታ ስም አለው" አለኝ አንድ ቀን። "እንግሊዞች ሜላንኮሊ ይሉታል። ከእኛ ነው የወሰዱት። ሜላስ፣ ጥቁር፤ ኾሊ፣ ሐሞት። የጥንት ሐኪሞቻችን፣ ሰው ሆዱ ውስጥ ጥቁር ሐሞት ሲበዛበት ያዝናል ይሉ ነበር።"

"ሐሞት እኛ ጉበት እናጠቅስበታለን" አልኩት። "እኔን ያሳዘነኝ አብሮኝ ያጠቀሰው ነው።"

ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ወደ እንግሊዝኛ ትምህርቱ ተመለሰ።

የገና ዕለት ዘበኛው በሩን ከፈተ። አበልጄ ጉበት ከነሐሞቱ በአገልግል ይዞ ቆሟል። ጠረኑ ሲደርሰኝ አፌ ምራቅ ሞላ። ከበላሁለት ታረቅን ማለት ነው፤ እሱም ይህን ያውቃል።

"አበልጅ፣ ልጅዎ ነው የላከልዎት" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ጉድጓዱን እርስዎ ነዎት ያሳዩዋቸው?"

አገልግሉን ከፍቶ አቀረበልኝ። ቢክድ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

አገልግሉን ከድኜ መለስኩለት። "ልጄን ይሳሙልኝ። የክርስትና አባትህ ልኮልሃል ብለው ይስጡት።"

ተቀብሎኝ ወጣ። ግሪካዊው ግን ጮኸብኝ፤ "አንተ እብድ! የተጣላኸው አንተ፤ እኔ ምን አደረግኩ? እኔ እበላ ነበር እኮ!"

ከተፈታሁ በኋላ ያየኋቸው እንግሊዞች ሁሉ የቸኮሉ ነበሩ፤ ሜላንኮሊ የምትለዋን ቃሌን የምነግረው አላገኘሁም። አበልጄም ሳንታረቅ ሞተ። ልጁ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ በየገናው ጉበት ይዞልኝ ይመጣል። ዘንድሮ አብረን ስንበላ እንዲህ አለኝ፤

"አባባ፣ እስር ቤት ሆነው ጉበት የላኩልኝ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? አባቴ እያጎረሰኝ ያለቅስ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ሞተ።"

እኔም አልነገርኩትም። ትልቁን ቁራጭ መርጬ ሐሞት አጥቅሼ አጎረስኩት።