የሶፍያ ግራ እግር

ኤልፍነሽን የሚያውቋት ሁሉ ዝምተኛ ናት ይሏት ነበር። በዲቪ አትላንታ ገብታ፣ ስድስት ዓመት አረጋውያን እየተንከባከበች ተምራ፣ አንድ የልጆች ሆስፒታል ውስጥ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ሆነች። በፈረንጆቹ 2014 አንድ ጠዋት ግን ዝምታዋ አለቀ።

ሱልጣን የሚባል የታክሲ ሹፌር የአሥራ አራት ዓመት ልጁን ሶፍያን በዊልቸር እየገፋ መጣ። የልጅቷ ግራ እግር ከባቷ እስከ ጭኗ አብጦ ወይን ጠጅ መስሏል። ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ወስዷት፣ መጀመሪያ የቮሊቦል ወለምታ፣ ቀጥሎ የዕድገት ሕመም ነው ብለው በማስታገሻ ሸኝተዋቸዋል።

«እኔም አምኛቸው አታካብጂ አልኳት፣ እህቴ» አለ፣ ልጁን ሳያያት።

ኤልፍነሽ የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ እግሯ ላይ ጫን አደረገች። ጤነኛ ደም መልስ፣ ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር፣ ሲጫኑት ይጨፈለቃል። የሶፍያ ግን በረጋ ደም ተሞልቶ ንቅንቅ አላለም። ርጋቱ ብሽሽቷን አልፎ ወደ ሆዷ ይወጣል። ኤልፍነሽ ለተረኛው ሐኪም ደወለች። ደም ማቅጠኛ ይሰጣትና ወደ ቤቷ ትሂድ አለ። ግራው ብቻ ለምን ረጋ፣ ከላይ የያዘው ነገር መታየት አለበት ብትለው፣ ሥራዋ ምስል ማንሳት እንጂ ምክር መስጠት እንዳልሆነ አስታወሳት። ደሟ ፈላ።

«ሁለቴ መልሰዋታል፣ ዶክተር። በሦስተኛው እኔ የለሁበትም» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ምስሎቹን ይዛ በቀጥታ ምስል የምታነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቷ ጋ ገባች። እሷ ወዲያው ኤምአርአይ አዘዘች። ወደ ቀኝ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ፣ የግራውን ደም መልስ ከጀርባ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ጨፍልቆት ተገኘ። አፈጣጠሯ ነው። ሐኪሞቹ ከጉልበቷ ጀርባ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ርጋቱን የሚያሟሟ መድኃኒት ከአንድ ቀን በላይ አንጠባጠቡበት፤ የጠበበውንም ሥር ውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ አሰፉት። ሱልጣን ጠዋትና ማታ ሆዷ ላይ ደም ማቅጠኛ መውጋት ተማረ።

ሶፍያ መራመድ ጀመረች። ግን ሥሩ ያን ያህል ጊዜ ታፍኖ ስለከረመ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ረጅም ከቆመች እግሯ ያብጣል፣ ጥብቅ ካልሲ ሳታደርግ አትወጣም። ቮሊቦሉም ቀረ።

ኤልፍነሽ ከሥራ ድርሻሽ አልፈሻል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ፈርሚ ሲሏት፣ በፊርማው ቦታ «ሶፍያ ለጠፋባት ሦስት ሳምንት ማን ተጠየቀ?» ብላ ጻፈችበት። አለቃዋ አንብቦ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተው። ንዴቷ እስካሁን አልበረደም።