በውሰት የመጣው ተከላካይ

«ድስቶቹን ሁሉ አጥበሽ ካርቶን ውስጥ ክተቺ አለኝ» አለች እማዬ፣ አሁን ከሥራ ስትገባ። ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም።

እማዬ የምትሠራው እዚህ ሮም የሚጫወት አንድ ፈረንሳዊ የእግር ኳስ ተከላካይ ቤት ነው። ኮንትራቷን የፈረመላት እሱ ነው። የፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ እድሳት ቀጠሮ ሰኞ ነው፤ ያለ ኮንትራት ደግሞ እድሳት የለም።

እኔ ከተመረቅኩ ገና ሁለት ወሬ ነው፤ ሁሉንም ነገር ጎግል የሚፈታው ይመስለኛል። ስልኬን አውጥቼ የክለብ ታሪኩን አነበብኩላት። ስድስት ክለብ፣ ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም በውሰት።

(ሜዳ ላይ ሰው አያሳልፍም ይላሉ። እሱ ራሱ ግን በየከተማው አላፊ ነው።)

«ሰው እንደ ድስት ይዋሳል እንዴ?»

«ኳስ ላይ ይዋሳል፣ እማ። ባለቤቱ ክለብ ሲፈልገው ይመለሳል።»

«ለዚህ ነዋ ያሳጠበኝ!»

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ ቀጠሮ ሲደርስ አሠሪው ከተማ የለቀቀበት ሰው ካለ፣ እንዴት እንደተወጣችሁት እባካችሁ ጻፉልኝ።

ይህን ስጽፍ ስልኳ እየጠራ ነው። እሱ ነው። እማዬ ስልኩን ታየዋለች እንጂ አታነሳውም።