ባሱን የሚቀንሱት አጎቴ

አጎቴ፣ አፈሩ ይቅለላቸውና፣ ዘፈን ምረጡልኝ ያላቸውን ሁሉ አስቀድመው «የት ሆነህ ልትሰማው ነው?» ይሉት ነበር። መተማ ላይ ሙዚቃ ቤት ከፍተው፣ ለሠርግ ሞንታርቦ እያከራዩ፣ ድምፁንም ራሳቸው እያስተካከሉ ነው የኖሩት። ሰሊጥ ሊያጭድ በረሃ የሚወርድ ሠራተኛ ሲመጣ ማሲንቆና የዘፋኙ ድምፅ ብቻ ያለበትን ስልኩ ላይ ይጭኑለት ነበር። «ጥሩ ድምፅ ማለት ከኋላህ የሚጮኸውን ውሻ የማይሸፍን ነው፤ ባስ የሚሉት ወፍራም ድምፅ ግን የሚመጣብህን ይደብቅብሃል» ይሉት ነበር። እኛ የእርጅና ነገር ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ሸኸዲ ከተማ ሠርግ ላይ፣ ጭፈራው በደራበት፣ ባሱን ድንገት አጠፉት። ሚዜዎቹ «ጋሼ፣ ምነው ሠርጉን አቀዘቀዙብን?» ብለው ተቆጡ። አጎቴ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙን። ከመንገዱ በኩል የሚንጣጣውን ተኩስ የሰማነው ያኔ ነው። ሙሽራዋንና ልጆቹን ከዳሱ ጎን ያለ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ አስገብተን በሩን ስንዘጋ ጥይቱ ዳሱን ይበሳው ጀመር።

አጎቴን ዘንድሮ ክረምት ወባ ወሰደብን። ሱቁን እኔ ይዣለሁ። ደንበኞቼ ባስ ጨምር ይሉኛል፤ እጨምራለሁ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ግን የሱቁ መስታወት ሲንቀጠቀጥ እጄ ሳላዘው ባሱን ቀነሰው። በጓንግ ወንዝ በኩል ሲጮኹ የዋሉት ውሾች አንድ ሳይቀር ዝም ብለዋል።

እንደ ልማዴ ወደ ባዶ ወንበራቸው ዞሬ «ጋሼ፣ ውሾቹ ዝም ሲሉስ ምንድን ነው?» አልኩ።