ትርንጎ የሳለችው ቤት

አባቴ «ልጅ አፉን ቢይዙት በጣቱ ያወራል» ይል ነበር። እኔ የልጄን የትርንጎን አፍ ብቻ ነበር የያዝኩት።

በደርግ ጊዜ ነው። ለአፈሳ የሚወጡ ወታደሮች ከመተማ ወደ መንደራችን በመጡ ቁጥር ትልቁን ልጄን በማሽላ ጉድጓድ ውስጥ እንደብቀው ነበር። ትርንጎንም «ለማንም እንዳትናገሪ» ብያታለሁ፤ አልተናገረችም።

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋ ግን ለልጆቹ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ገልጣ «እንደዚህ ቤታችሁን ሳሉ፤ በውስጡ ያለውንም ሁሉ ጻፉበት» ትላቸዋለች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወላጆች እንድናይ ጠራችን። ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል።

የትርንጎን አገኘሁት። ጎጆው አለ፣ ላሟ አለች፤ ከጎጆው ሥር ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ውኃ በቅል የሚጠጣ ሰው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ የተጻፈበትን ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ወንድሜ» ይላል። በትከሻዬ ልከልለው ጠጋ ስል አንድ የማላውቀው ወታደር ከኋላዬ ቆሟል።

«ይኸ የማን ነው?» አለ።

«የእሳቸው ልጅ ናት የሳለችው፤ እጇ የተባረከ ነው» አለች አስተማሪዋ ደስ ብሏት።

«ጉድጓዱስ ምንድን ነው?»

«መቃብር ነው» አልኩት። «ልጄ ሞቶብኝ ነው።» አፌ ይህን ሲል ልቤ እመቤቴን ይጠራል።

ሥዕሉን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ነቀለና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ወደ ጆሮዬም ጠጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ የሞተ ሰው ውኃ አይጠጣም። ዛሬውኑ ሱዳን ያሻግሩት። እኔ የሚደብቀኝ አባት አላገኘሁም።»